ዓመት ያልሞላት መኪና

የካቲት 23፣ ሰኞ

ዛሬም ሳይነጋ ተነሳሁ። መኪናዬ ግን አልነሳም አለች። ሦስት ጊዜ ቁልፉን አዞርኩ… አራተኛው ላይ ሳል ሳል አደረጋትና ተነሳች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ልጄን ሪኬን በአንድ ዓመት ትበልጣታለች። ጠባያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጠዋት ሲቀሰቅሷቸው አይወዱም።

ዳቦ ቤት ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ሸጥኩ። ስመለስ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ሩትሃርት አጥራቸው ጋ አስቆሙኝ። «ዶርሌ፣ አባትሽ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! የአጥሬን በር ምሰሶ ሳልጠይቃቸው ቀብተውልኝ አገኘሁት። አዲስ አስመሰሉት እኮ።» ደስ አለኝ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እጁ ሥራ ማግኘቱ ጥሩ ነው። ከኛ ሥር፣ ታች ቤቱ ገብቼ ስነግረው «እህ» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። እሱ መቼም ሲመሰገን የተሰደበ ነው የሚመስለው።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

መኪናዬን መካኒኳ ኔቬንካ ጋራዥ ወሰድኳት። አሥር ዓመት ሙሉ እየጠጋገነች ያኖረችልኝ እሷ ናት። ዛሬ ግን ከሥር ገብታ በባትሪ አሳየችኝ። ሻንሲውን ዝገት በልቶታል፤ ጣቷን በቀዳዳው አሳለፈችበት።

«ይቺን ለቦሎ ይዘሽ ብትቀርቢ ይስቁብሻል።»

«ብየዳ አይሆንም?»

«ምኑ ላይ ልበይደው? የሚበየድበት ቦታ የለም። ልቅሶ ተቀመጪ በቃ።»

ቦሎው ሊያልቅ አራት ሳምንት አይሞላም። ዳቦ ቤቱ ኮረብታው ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ ምድጃ መለኮስ አለብኝ። የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚያልፈው አሥራ ሁለት ተኩል ነው። መኪና ከሌለ ሥራ የለም። ደክሞኛል… ነገ አስባለሁ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ያጥባል። ዛሬም አጠበ። ከዚያ ግን ደረጃውን ወጥቶ እኛ ቤት መጣ። ደረጃ ከወጣ ስንት ወሩ ነው? በር ላይ እንደቆመ «መኪናሽ አለቀላት አሉ» አለኝ።

«ማን አለህ?»

«ሪኬ። ...የኔን ውሰጂያት።»

ደነገጥኩ። እውነቴን ነው።

አባዬ የመኪና ፋብሪካው ውስጥ፣ ቀለም ክፍል፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርቷል። የፋብሪካ ሰው ልማድ የታወቀ ነው። በሠራተኛ ዋጋ አዲስ መኪና ያዛል፣ አንድ ዓመት ይነዳል፣ ይሸጣል፣ ሌላ ያዛል። ጡረታ ቢወጣም መብቱ አይቀርበትም። የዚህ ከተማ ግማሹ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው። ከተወለድኩ ጀምሮ አባዬ ጋራዥ ውስጥ ዓመት የሞላው መኪና አድሮ አያውቅም። አንዱም ግን የኛ አልነበረም! ለሚቀጥለው ገዢ ነበር የምንጠብቀው። ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። መብላት የለም። ጫማ ይራገፋል። ብሬትሰል፣ ያን ጨው የተነሰነሰበት ጥምዝ ዳቦ፣ ይዤ ልገባ ስል «ለሰው ነው!» ይለኝ ነበር። ያ ሰው ማን እንደሆነ እማዬን ጠይቄያታለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ያን ሰው እንዴት እንደጠላሁት።

ይቺኛዋ ሰማያዊ ናት። አምስት በር፣ ለቤተሰብ የምትሆን፣ ትንሽ። ባለፈው ግንቦት 12 ከፋብሪካው በር ወጣች። ገና አሥር ወሯ ነው፤ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምታውቀው። አዲስ ናት ማለት ይቻላል።

ግን ለዘመድ ሸጦ አያውቅም። አጎቴ ስንት ጊዜ ለምኖት እምቢ ብሎታል። ዛሬ ምን ነካው? ዋጋውንም ሳልጠይቀው ከሚገባው በታች አወረደው። አሳዝኜው ይሆን?

«ላስብበት» አልኩት።

«አስቢ» ብሎ ሐዲዱን… የደረጃውን መደገፊያ ማለቴ ነው፣ ይዞ ቀስ እያለ ወረደ። እንዲህ ከደከመኝ መጻፍ መተው አለብኝ።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ልግዛት? ሪኬ ከወዲሁ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ፎቶ ተነስታለች።

አባዬስ ምን ሊነዳ? የሚቀጥለዋን አዟል፣ ግራጫ፣ ግንቦት ላይ ትመጣለች። እስከዚያ በእግሬ እሄዳለሁ አለ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። መንዳት አለብህ ወይ ብዬው አላውቅም። ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? እኔ አልጠይቀውም። ፈሪ ነኝ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ዛሬ ስድስት መቶ ብሬትሰል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

በረዶው ሲያልፍ የክረምት ጎማውን የሚቀይረው ሁልጊዜ አባዬ ራሱ ነበር። ዘንድሮ ወገቡን አሞታል። «ማክሰኞ ኔቬንካ ጋ ልውሰድልህ» ስለው ስፖንጁን ይዞ ቀጥ አለ።

«ጎማ ብቻ ነው?»

«ጎማ ብቻ ነው፣ ሌላ ምን አላት?»

«ምንም የላትም» አለና ማጠቡን ቀጠለ። ለካስ ለወግ ነበር የጠየቀኝ አልኩ። ልገዛት ልወስን ነው መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት የኔዋ አምስተኛው ላይ ነው የተነሳችው።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ኔቬንካ ጎማውን ቀይራ ጨረሰች። «ልትገዢያት ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት ከኪሷ የቀለም ውፍረት መለኪያውን አወጣች፣ ያቺን የእጅ ስልክ የምታህለውን።

«ተይው ባክሽ፣ የአባቴ ናት። ከፋብሪካ ከወጣች ሌላ እጅ አላየችም።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። እናቴም ብትሸጥልኝ እለካለሁ።»

ኮፈኑ ላይ አሳረፈችው፤ መቶ ሃያ ማይክሮን። ጣሪያው፣ መቶ አሥራ አምስት። ግራ በሮቹ፣ መቶ ሃያ። «እንዲህ ነው የፋብሪካ ቀለም» አለችና ወደ ቀኝ ዞረች። የፊቱ ፓራፋንጎ ሦስት መቶ አርባ አለ። ደግማ ለካች። የፊቱ በር ስድስት መቶ።

«ሥሩ ስቱኮ አለበት» አለችኝ።

ጠመኔ አምጥታ ክብ ክብ እያደረገች ሄደች። አምስት ክብ። ሁሉም በቀኝ በኩል።

«በዓይን ብቻ ምንም አይለይም» አለች ተጎንብሳ በብርሃን እያየች። «ማን እንደቀባው ባውቅ ነገ ነበር የምቀጥረው።»

እኔ ግን አወቅሁት። የአባዬ ጋራዥ በር ተዘግቶ ሲውል… ያ የቀለም ሽታ… «ፖሊሽ ነው» ይለኝ የነበረው። የወይዘሮ ሩትሃርት ምሰሶ! ከግቢያችን ሲወጡ በስተቀኝ ነው። ገጭቶት ነው የቀባው። እኔ ደግሞ ደግነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠመኔውን በመዳፌ ጠርጌ ወደ ቤት ነዳኋት። ጎማው እንዴት ነው አለኝ አባዬ። ደህና ነው አልኩት።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

እኔን! የገዛ ልጁን! በዚህ ከተማ መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ መለኪያውን በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ለዘመድ የማይሸጠው ሰው ለኔ ሊሸጥልኝ የተነሳው ለዚህ ነው። ልጄ አትለካም ብሎ።

ዱቄት ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ለሰው ዳቦ ሸጥኩ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ምስርና ፓስታ ሠርቼ ታች ወረድኩ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ግማሽ ሳህን ከበላ በኋላ ነው የተነፈስኩት።

«አባዬ፣ መኪናዋ ተለካች።»

ማንኪያው አልቆመም። «ማን ለካ?»

«ኔቬንካ።»

«ስንት አገኘች?»

«አምስት።»

«ስድስት ነው» አለ።

በከንፈሩ ጥግ ኩራት አየሁ። በዚህ ሰዓት! አንዷ ኔቬንካን ስላመለጠቻት ደስ ብሎታል። ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ንዴቴ መጣ።

«ልትነግረኝ አልነበረም።»

«ዋጋውን አወረድኩልሽ አይደል?»

«ዋጋ ነው እንዴ የምልህ? ምን ሆነህ ነው የምትገጨው? ዓይንህን ተመረመርክ?»

«ዓይኔ ደህና ነው። አዲሷ ሰው ሲጠጋት ትጮኻለች አሉ። ያቺ ትምጣ እንጂ አልገጭም።»

«ይቺን እገዛታለሁ» አልኩት። «ከነጠገናዋ እገዛታለሁ። ግን አዲሷን ትሰርዛለህ። ከእንግዲህ አትነዳም።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ሳህኑን ወደ ኔ ገፋ። «ጨርሻለሁ» አለ። ምግቡን ይሁን እኔን አላወቅሁም።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

የመጥረግ ሳምንት ሰሌዳው የቤቴ በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በየሳምንቱ ተራ ነው፤ ሰሌዳው በሩ ላይ ያለ ሰው ደረጃውንና የእግረኛ መንገዱን ይጠርጋል። አባዬ ሰሌዳውን ሲያመጣ አንኳኩቶ «ተራሽ ነው፣ እመቤት» ማለት ወጉ ነበር። ዛሬ ሰቅሎት ብቻ ወርዷል።

ጠረግሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ጋራዡ ተከፈተ። አባዬ መኪናዋን ይዞ ወጣ። መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። አርባ ደቂቃ። አንድ ሊትር ወተት ይዞ ተመለሰ። ቀኝ ጎኗን ከላይ ሆኜ በዓይኔ ፈተሽኩ።

ነገም ይወጣል። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ እሆናለሁ። ቁልፉን ልስረቅ? ለፖሊስ ልናገር? የገዛ አባቴን?

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

አባዬ መኪናዋን አላጠባትም። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

የኔዋ መኪና የመጨረሻ ቀን። ቁልፏን ለኔቬንካ ሰጠኋት። ሪኬ ከመስታወቱ ላይ ያንጠለጠለቻትን የጨርቅ አሳማ ፈታን። ለዝገት ይለቀሳል? ተለቀሰ።

«ታዲያ ነገ በምን ልትሄጂ ነው?» አለችኝ ኔቬንካ።

«በሪኬ ብስክሌት።»

«ያን ዳገት? በጨለማ? አብደሻል?»

ሌላ መኪና አይቼ ነበር። አቅሜ የሚችለው ሁሉ ከኔዋ አይሻልም። የሚሻለው ታች ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው። ግን እሱ አዲሷን ሳይሰርዝ ይቺን ከገዛሁ፣ ግንቦት ላይ ሌላ መኪና ሰጥቼ መንገድ ላይ ለቀቅሁት ማለት ነው። አልገዛም። እልኸኝነቴ ከማን እንደመጣ የታወቀ ነው።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ሁለተኛ ቀን። ጉልበቴ። የዳገቱን ግማሽ ብስክሌቱን እየገፋሁ ነው የምወጣው። ዛሬ ስወጣ ታች ቤት መብራት በርቶ ነበር። መጋረጃው ተከፍቷል። እጄን አላወዛወዝኩም።

መጋቢት 27፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ሪኬ አባቷ ጋ ሄዳለች። አባዬን ብቻውን በበዓል መተው አልሆነልኝም። ወረድኩ። እንቁላል ቀቅሎ ሁለት ሳህን አቅርቦ ጠበቀኝ። ሁለት! እንደምመጣ በምን አወቀ?

ከዚያ እንቁላሉን እየላጠ ተናገረ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ስድስተኛዋን ያላገኘችው ፕላስቲክ ላይ ስለሆነች ነው። መሣሪያው ፕላስቲክ አይለካም።»

«ምንድን ነበረች?»

«ብስክሌት።»

ወንበሬን ወደ እሱ ሳብኩ።

«ባዶ አልነበረም» አለ። «አንዲት ልጅ ነበረችበት። ጥር ላይ፣ ድልድዩ ጋ። ሣሩ ላይ ወደቀች። ወርጄ ሮጥኩ፣ እንደ አቅሜ። ተነስታ ቆማለች። ምንም አልሆነችም። ‹ሽማግሌ፣ ዓይን የለህም?› ብላ ሰደበችኝና ሄደች።» እንቁላሉን አስቀመጠ። «ዶርሌ፣ ከየት እንደመጣች አላየኋትም። እስከ ዛሬም አላየኋትም። ቀኝ ዓይኔ እንፋሎት የሞላበት መታጠቢያ ቤት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቀባሁታ» አለ። «ስቀባው ይጠፋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሥራዬ ይሄ ነበር።»

የእንቁላሉን ልጣጭ ሰብስቦ ሳህኑ ዳር አደረገ።

«ሐሙስ ዕለት መስኮት ላይ ነበርኩ። በቀኝ በኩል ነው የምትነጂው» አለ።

«በየት ልንዳ ታዲያ? መንገዱ በቀኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ቀይ መብራትሽን እስክትታጠፊ አየሁት። በግራ ዓይኔ።»

ሁለቱንም ቁልፎች፣ መለዋወጫውን ጭምር፣ ከኪሱ አውጥቶ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጣቸው። ሰኞ በዓል ነው፣ ማክሰኞ ፋብሪካ ውሰጂኝ አለኝ። ስልክ ይበቃል ስለው ተቆጣ። «በበር ገብቼ ነው ያዘዝኩት። በበር ገብቼ እሰርዛለሁ።»

መጋቢት 29፣ ማክሰኞ

ሙሉ ልብሱን ለብሶ ጠበቀኝ። አዲስ መኪና ሊቀበል ሲሄድ በየዓመቱ የሚለብሰውን። አንጀቴን በላው።

እኔ ነዳሁ። እሱ ቀኝ ወንበር ላይ፣ የእማዬ ቦታ። መንገዱን ሙሉ ባዶውን ወለል እንደ ፍሬን ይረግጣል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየችና «አቶ ሄፈሌ፣ ይቺ አርባ ስምንተኛዎ ነበረች እኮ! በምን ተቀየሙን?» አለችው። «አልተቀየምኩም» አለ። «ልጄ መኪና አላት።»

ሊብሬው በስሜ ሆነ። የኔ ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ድካም ብቻ ተሰማኝ። ስንመለስ ግቢው በር ላይ፣ ያ ምሰሶ አጠገብ ቀስ ብዬ ሳልፍ «መጥፎ አትነጂም» አለኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

የዓይን ሐኪም ጋ ደርሰን መጣን። የጠፋው አይመለስም አሉ፤ ግራውን እንጠብቅ።

ጠዋት ጋራዥ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዝም ብሎ ተቀምጧል። በአንድ ወር አርጅቷል። ያደረግሁት ትክክል ነው፣ አውቃለሁ። ግን ምነው እንዲህ ከበደኝ? የማጠቢያ ባልዲውን ሞላሁለት። ተነስቶ አጠባት። ግራ ጎኗን እኔ፣ ቀኝ ጎኗን እሱ።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

ሪኬ ብርድ ልብሱን ከወንበሩ ላይ ገፈፈችው። «ማሚ፣ ወንበሩ እኮ ግራጫ ነው!» እኔም አላውቅም ነበር።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ዛሬ መኪናዋ ዓመቷን ሞላች።

ትዝ ያለኝ ጠዋት ዳቦ እየደረደርኩ ነው። በድሮው ልማድ ዛሬ የምትሸጥበት ቀን ነበር። ይሄን እያሰብኩ ከሥራ ስወጣ የገበያ አዳራሹ ማቆሚያ ውስጥ ገባሁ፣ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባሁ… ጭርርርር። የሲሚንቶ ምሰሶ። የኋላው በር፣ ቀኝ። አንድ ክንድ የሚሆን ጭረት፣ ላሜራው ድረስ። መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሁለት ዓይን አለኝ እኮ! ሁለቱም ደህና! ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቤት ስደርስ አባዬ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እሱም ቀኑን ያውቀዋል፤ ሸሚዙን ቀይሯል። ሳልወርድ ወደ ቀኝ ጎኗ ዞረ። ጎንበስ አለ። ግራ ዓይኑን አስጠግቶ በጣቱ ጭረቱን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

«ይሄ መቼ ነው?» አለ።

«ዛሬ። አሁን።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ቀና አለ። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። «የኔ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሰባተኛ ያመለጠችኝ መስሎኝ ነበር።» ሳቀ። ጋራዡን ተደግፎ፣ ወገቡን ይዞ ሳቀ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁም። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪወርድ።

«ቀለሙ አለህ አይደል?» አልኩት ዓይኔን እየጠረግሁ። «ቅዳሜ ትቀባታለህ?»

ጭረቱን ደግሞ አየው። አሰበበት።

«ለማን ብለን?» አለ።

ከዚያ የፊቱን በር ከፍቶ የእማዬ ቦታ ተቀመጠ። ከሥራ ያመጣሁት ከረጢት መሃል ላይ ነበር። አንድ ብሬትሰል አወጣ፣ ለሁለት ቆረሰ፣ ግማሹን ሰጠኝ። ጨውና ፍርፋሪው ግራጫው ወንበር ላይ ረገፈ። አየሁት። እሱም አየው። አላራገፈውም።